የቀረብኝ ምኑ ነው?

ለቅሶ ማንንም አያጓጓም። ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ለመቃም የሚናፍቅ ሰው የለም። ሆኖም የጓደኛው አባት መቀበራቸውን ከሳምንት በኋላ የሰማ ሰው፣ ትልቅ ኮንሰርት ካመለጠው ሰው ይልቅ ውስጡን ይበላዋል። «ማንም አልነገረኝም እኮ»፣ «አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

በወጣቱ አፍ ፎሞ የሚባለው፣ ነገር ይቀርብኛል የሚለው ሥጋት፣ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ደስታ ጥማት ነው። ሌላው ሲጨፍር እኔ ቤት ቀረሁ፣ ሌላው ሲበላ እኔ ጦሜን አደርኩ የሚል ቅናት ይመስለናል። መድኃኒቱም «ባለህ ተደሰት» የሚል ምክር ይሆናል። ለቅሶውን ስናስብ ግን ይህ አተራረክ አያስኬድም። ቀብር ላይ የቀረበት ደስታ ምንድን ነው? የሚያስጨንቀው ወዳጁ በከፋው ቀን ዙሪያውን ሲያይ እሱን አለማየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱ እንደ ቀድሞው ይሆን አይሆን እንደሆነ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ጃክሊን ሪፍኪን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት የደረሰው እዚሁ ነው። ሰዎች በራሱ የማያስደስታቸው ዝግጅት እንኳ ወዳጆቻቸው ያለ እነሱ የሚቀራረቡበት ከሆነ መቅረታቸው ያሳስባቸዋል። መድኃኒቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከወዳጆቻቸው ጋር በቅርቡ ያሳለፉትን ጊዜ እንዲያስታውሱ የተደረጉ ሰዎች ሥጋታቸው ቀንሷል። ከዚያ በፊት በ2013 ሳይኮሎጂስቱ አንድሩ ፕሺቢልስኪና ባልደረቦቹ ሥጋቱን የሚለካ አሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበት፣ በራሳቸው የመወሰን ነፃነታቸውና በችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነት የጎደለባቸው ሰዎች ነበሩ። ፎሞ የሚለው ስም ራሱ በ2004 በሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ጸሐፊው ፓትሪክ ማክጊኒስ የቀለደው ግብዣ በዝቶባቸው የትኛውን ይዘው የትኛውን እንደሚተዉ ግራ በገባቸው ተማሪዎች ነበር። ዛሬ ቃሉን የምንጠቀምበት ግን በአብዛኛው ማንም ያልጠራን ቀን ነው።

እንግዲህ ሥጋቱ ሁለት ነገር አደባልቆ ያመጣል። አንዱ እውነተኛ ዜና ነው፦ የምትወዷቸው ሰዎች አሉ፣ ከእነሱ ርቃችኋል። ሌላው ትርዒት ነው፦ ብታዩት ባታዩት ምንም የማይለውጥባችሁ የሌላ ሰው ቅዳሜ። ሁለቱ የሚመጡት በአንድ ስልክ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ ሆድ አይለያቸውም። ሥራው መለየቱ ነው።

ትርዒቱ እንዴት እንደሚሠራ በቀላል ሒሳብ እንየው። ስልካችሁ ውስጥ 200 ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር አንድ ቀን ብቻ ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት ወይም ሽርሽር ይሄዳል፤ ስታተሱ ላይ ፎቶ የሚለጥፈውም በዚያ ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ቀን እንደ ማንኛችንም ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ይመላለሳል። 200ን ለ30 አካፍሉት፤ በየቀኑ ስድስት ሰባት ሰው ተጊያጊጦ ይወጣላችኋል። ከመካከላቸው ከእናንተ አብልጦ የወጣ አንድም የለም። እናንተ ግን ስልኩን በከፈታችሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ደስታ ላይ ነው፣ ቤት የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ፎቶውን አላሳመረም፤ መደመሩ ብቻ አሳሳታችሁ።

በኛ አገር ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ያባብሰዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነና በጾም ስለማይሠረግ፣ የኦርቶዶክሱ ሠርግ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይታጨቃል። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ያ ስድስት ሰባት የነበረው ቁጥር ሃያ ሊደርስ ይችላል። ጥር ላይ «ዘንድሮ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» የሚል ያላገባ ሰው ሐሳቡን እስከ የካቲት ቢያቆየው አይከፋም።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ስኮት ፌልድ ያሳየው ነገር አለ። ወዳጆቻችን በአማካይ ከእኛ የበለጠ ወዳጅ አላቸው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ስላለ የእናንተም ስልክ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ቤቱን የሚወደው ዝምተኛ የጥቂት ሰዎች ስልክ ውስጥ ነው ያለው፣ እዚያም ቢሆን አይለጥፍም። ስለዚህ የምታዩት የወዳጆቻችሁን አማካይ ኑሮ አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚመዝንበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ በሌላ ሰው ይመዝናል። መመዘኑን ማቆም አይቻልም፤ ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ማወቅ ግን ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ አለ። ስናፕቻት በ2013፣ ኢንስታግራም በ2016፣ ዋትስአፕ በ2017፣ ቴሌግራም በ2023 በሰዓት ተወስኖ የሚጠፋ ልጥፍ አስገቡ፤ በአብዛኛው የሚቆየው 24 ሰዓት ነው። ነገ የማይገኝ ነገር ዛሬ ዋጋ ያለው ይመስላል። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይከብደዋል፣ የሚጠፋ ልጥፍም ባዶውን ነገር በማጣት ስም ያስከፍተናል። እስቲ ባለፈው ማክሰኞ ካያችኋቸው ስታተሶች ሦስቱን አስታውሱ።

እንግዲህ መለያው። ሥጋቱ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው፦ ባላየው ኖሮ ይጎድለኝ ነበር? የሩቅ የሥራ ባልደረባ ላንጋኖ ሄዶ የለጠፈውን ፎቶ ባታዩት ኖሮ ቅዳሜያችሁ ምንም አይጎድለውም ነበር፤ የጎደለው ካያችሁ በኋላ ነው። ይህ ትርዒት ነው፣ የሚታከመውም ስልኩ ላይ ነው። የእኅታችሁ ልጅ ክርስትና ግን ሳታዩትም ይጎድላችኋል። እሱን ስልክ መዝጋት አይፈታውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፦ ዘግይቶ ይደረስበታል ወይ? እዚህ ላይ ባህላችን ከማንም የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይልቅ አስቦበታል ባይ ነኝ። ቀብር ያመለጠው ሠልስት አለው። ሠልስት ያመለጠው አርባ፣ ከዚያ ሰማንያ፣ ከዚያ ሙት ዓመት አለው። ሠርጉ ያመለጠው መልስና ቅልቅል አለው። አራስ ለመጠየቅ የመጀመሪያው ሳምንት ግዴታ አይደለም፤ ክርስትናው ራሱ ለወንድ በአርባ፣ ለሴት በሰማንያ ቀን ነው። በዒድ ቀን ያልተገኘ በማግስቱም ዘመድ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ በሰዓቱ እንደማይደርስ የታወቀ ስለሆነ ለዘገየው በር ተትቶለታል።

ዘግይቶ መድረስ ግን የራሱ ሥርዓት አለው፣ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያ በአካል ወይም በድምፅ ይሁን፤ ከሳምንት በኋላ የሚላክ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል የቴሌግራም መልእክት አለመድረስን ያስታውሳል እንጂ አይክስም። ቀጥሎ ምክንያታችሁ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይለፍ። «ዘግይቼ ነው የሰማሁት፣ ይቅርታ» ካላችሁ በኋላ ስለ ሥራችሁ ብዛት፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስልካችሁ መጥፋት መተረክ ሐዘንተኛውን አጽናኝ ያደርገዋል። ጊዜም ምረጡ። ሠልስት ካለፈ፣ ድንኳኑ ከፈረሰና የሩቅ ዘመድ ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሄዶ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ከቀብሩ ሕዝብ ይልቅ ይታወሳል፤ ሐዘንተኛው ማውራት የሚችለው ያኔ ነውና።

አሁን ወደ ስልኩ። ብዙ ሰው የሚጀምረው አፕሊኬሽኑን በማጥፋት ነው፣ የሚወድቀውም በዚህ ነው። የዕድሩ ማስታወቂያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት መልእክት፣ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሁሉ ዛሬ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ሁሉን ያጠፋ ሰው በአራተኛው ቀን አንድ ቁምነገር በእርግጥ ያመልጠዋል፣ «ይኸው ቀረብኝ» ብሎ ይመለሳል፤ ሥጋቱም ልክ ነበር ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ቁምነገሩ የሚመጣበትን መንገድ ማስተካከል፣ ከዚያ ጫጫታውን መዝጋት።

ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞት፣ ሕመም ወይም ደስታ ቢገጥማቸው በዚያው ቀን መስማት የምትፈልጉትን ሰዎች ጻፉ። ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከ20 ካለፈ እያላላችሁት ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰው ምረጡና እንዲህ በሏቸው፦ «ግሩፕ ላይ ብዙ አልገባም፤ ለቅሶ፣ ሕመም፣ ሠርግ ከሆነ ግን ደውሉልኝ።» ይህን ካላደረጋችሁ የሚቀጥለው እርምጃ ሁሉ አይሠራም፣ ምክንያቱም ሆዳችሁ አያምነውም። ከዚያ እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ የተመረጡ በሚለው ውስጥ አስገቡና «አትረብሹኝ» የሚለውን ስታበሩ የእነሱ ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ፍቀዱ። ያልመዘገባችሁት ሰው ለአስቸኳይ ጉዳይ ቢፈልጋችሁም ስልኩ መላ አለው፤ ደጋግሞ የሚደውል ሰው እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምርጫ ካበራችሁ፣ ያው ሰው አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ፣ አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ይጮኻል። ለቤተሰቡ «ካላነሳሁ ወዲያው ድገሙት» ማለትን አትርሱ።

ይህ ካለቀ በኋላ ግሩፖቹን ለዩ። ዕድር፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ላይኛው ላይ ይቆዩ። የቀረውን ዋትስአፕ ላይ ድምፁን ስታጠፉ ስምንት ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ወይም ሁልጊዜ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ሁልጊዜ በሉት። ስምንት ሰዓት ያለ ሰው ነገም እንደገና ሊወስን ነው፣ ውሳኔው ራሱ አድካሚ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ መክተት ብቻውን አይበቃም፤ ድምፁ ያልጠፋ ግሩፕ አዲስ መልእክት ሲመጣ ከማኅደሩ ወጥቶ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፉ፣ ከዚያ ክተቱት፤ እዚያው ይቀራል። በስማችሁ ከተጠራችሁ ግን ያሳውቃችኋል።

ስታተስና ስቶሪን በተመለከተ፣ የማትወዱትን ሰው መዝጋት ትርፉ ትንሽ ነው። የሚጎዳችሁ የምትወዱት ወይም የምትፎካከሩት ነው። ለአንድ ሳምንት የማንን አይታችሁ ስልኩን ስታስቀምጡ ሆዳችሁ እንደሚባባ ልብ በሉ፤ ሦስት ወይም አራት ስም ይደጋገማል። የእነሱን ስታተስ ደብቁና በሳምንቱ ለአንዳቸው ደውሉ። አብሮ አደጋችሁን በድምፅ ስትሰሟት ላንጋኖ የሄደችው ከእጮኛዋ ጋር ተጣልታ ለመታረቅ እንደነበር ልታጫውታችሁ ትችላለች። ስታተሱ ላይ ይህ አልነበረም።

ስንት ጊዜ ይታይ? እ.ኤ.አ. በ2018 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 143 ተማሪዎችን ይዘው ግማሾቹን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻትን በቀን ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ አደረጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእነዚህ ብቸኝነትና ድባቴ ቀነሰ። ሰው እምብዛም የማያነሳው የዚያው ጥናት ውጤት ደግሞ አለ፤ ይቀርብኛል የሚለው ሥጋትና ጭንቀት ያልተገደቡት ተማሪዎች ላይም ቀንሷል። ያልተገደቡትም አጠቃቀማቸውን እየመዘገቡ ነበርና፣ ተመራማሪዎቹ ራስን መከታተሉ በራሱ ሳይጠቅም አልቀረም ብለው ገምተዋል። ስለዚህ ምንም ለመቀነስ ያልቆረጠ ሰው እንኳ ስልኩ የሚቆጥርለትን ደቂቃ ማታ ማታ ማየት ይጀምር።

ለመቀነስ ለቆረጠ ሰው በቀን ሦስት ቁርጥ ያለ ሰዓት ይሻላል። ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት፣ በየጊዜው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ቁም ነገሩ ደቂቃው ላይ ሳይሆን ሰዓቱ በእናንተ መመረጡ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ስኪነር በእርግቦች ላይ እንዳሳየው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ያስለመደው ልማድ ከሁሉ በላይ ሥር ይሰድዳል። አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዘጠኙ ባዶ፣ አንዱ ቁምነገር ከሆነ እጃችሁ አይለቅም። ባሳከከ ጊዜ መክፈት ማሳከኩን መቀለብ ነው፤ በሰዓቱ መክፈት ግን ማሳከክና መክፈትን ያለያያል።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይብሳል። እጅ ሳታዝዙት ኪስ ይገባል፣ ያልጮኸ ስልክ የጮኸ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ለኔ አይሆንም» ይላል። በዚህ ጊዜ «አንዴ ብቻ» ብሎ መክፈት ከሁሉ የከፋው ነው፣ በጣም ሲያሳክክ የሚከፈት ከሆነ በጣም ማሳከክ እንደሚያዋጣ እጃችሁ ይማራልና። ሌላው የተለመደ ብልሽት መዘዋወር ነው፤ ኢንስታግራሙን ገድቦ ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰዓት መዋል። ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። ኔት ጠፍቶ ሲመለስ 400 መልእክት ተከምሮ ይጠብቃል፣ ሰውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊጨርሰው ይቀመጣል። የተጠራችሁበትንና የመጨረሻዎቹን ሃያ አንብቡ፤ ከዚያ በላይ ያለው ዋጋ ያለው ነገር ካለ ሰው ይደግመዋል። ማታ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሞላ። ለመነሻ የሚሆን ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዝቶ «ለአላርም ነው» የሚለውን ሰበብ መዝጋት ይቻላል።

ከሦስት ሳምንት እንዲህ ያለ ኑሮ በኋላም የማይለቅ ነገር ካለ፣ እሱ ትርዒት ላይሆን ይችላል። ትምህርት የመጨረስ፣ ከአንድ ሰው ጋር የመታረቅ፣ ከአገር የመውጣት ፍላጎት ስልክ በመዝጋት አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም። እሱን ቀን ቁረጡለትና የመጀመሪያውን ትንሽ ሥራ ጀምሩ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከተዛቡ ግን ነገሩ ከዚህ ጽሑፍ በላይ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ላይ ሥጋቱ ዋጋ ያስከፍላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር፤ አንድ ሰው ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333 መግዛት ይችል ነበር። ሽያጩ ጥቅምት 6 ቀን ተከፈተ። ሊዘጋ የነበረው ታኅሣሥ 25 ነው፣ ከዚያ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ሲዘጋ የተሸጠው ከ10 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ሳያልቅብኝ» ብሎ ተበድሮ የገዛና በመጨረሻው ቀን አስቦ የገዛ ሰው የከፈሉት ያው 300 ብር ነው። አክሲዮኑ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥድፊያው ግን ምንም አላተረፈም።

ስለዚህ ከወር ደመወዝ በላይ ለሚሆን ነገር 72 ሰዓት መቆየት ጥሩ ልማድ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት አራት ነገር ወረቀት ላይ ይሰፍራል፦ ስንት ብር እንደሆነ፣ ብሩ የማን እንደሆነ፣ መልሼ ላውጣው ብል መቼና ከማን እንደምቀበል፣ ዋጋው ነገ ቢጨምር በስንት እንደሚጨምር። አራተኛው ብዙ ጥድፊያ ያስቆማል፤ «ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚለው ሻጭ ስንት ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የለውም።

«በቀን 3 በመቶ ትርፍ» የሚሉት የቴሌግራም ቻናሎች ደግሞ ሦስት ቀንም አያስፈልጋቸውም፤ ማስሊያ ይበቃል። በቀን 3 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በ24 ቀን ይታጠፋል፤ 1,000 ብር በዓመቱ ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው የእናንተን 1,000 ብር ምን ያደርግለታል? ወጥመዱ መጀመሪያ ላይ በእርግጥ መክፈሉ ነው። ጎረቤት 500 አስገብቶ 800 ሲያወጣ በዓይን ይታያል፣ ያኔ ነው «እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚመጣው። የሚከፈለው ከኋላ በገቡት ብር ነውና ሰው መግባት ሲያቆም መክፈሉም ይቆማል። ጎረቤት ማግኘቱ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም፣ የሱ ትርፍ የእናንተ መግቢያ ነው።

በውጭ ላለው ሰው ሥጋቱ ሌላ ቅርጽ አለው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከአዲስ አበባ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ጥር ላይ ረፋድ 4 ሰዓት የሚጀመር የቤተሰብ ሠርግ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በቀጥታ ሥርጭት አምስት ሰዓት ያየ ሰው እንቅልፉን አጥቶ፣ ግማሹ የተቋረጠ ምስል አይቶ፣ ማንም ሳያናግረው ያድራል፤ ከማየቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ብቸኛ ይሆናል። የተሻለው በዋዜማው ሙሽራዋን ለብቻ አግኝቶ አሥር ደቂቃ ማውራት፣ ከሥርጭቱ አንድ ክፍል ብቻ መምረጥ፣ ለምሳሌ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ከዚያ መተኛትና በማግስቱ ለአንዲት ነገር አዋቂ አክስት ደውሎ ማስተረክ ነው። «እትዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ?» ብትሏት ካሜራው ያላየውን ሁሉ ታገኛላችሁ። ሪያድ ላይ ግን የሰዓት ልዩነት የለም፣ ዱባይም አንድ ሰዓት ብቻ ናት። እዚያ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ችግሯ ስልኳን የምታገኘው ሥራ ሲያልቅ በውድቅት መሆኑ ነው። ያኔ የምታገኘው የቀኑ ክምር ነው። ለሷ ከስታተሱ ሁሉ ይልቅ እናቷ ወይም ወንድሟ በድምፅ የሚልክላት የሦስት ደቂቃ መልእክት ይበልጥባታል፤ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ማክጊኒስ በዚያው በ2004 ጽሑፉ ሌላም ፍርሃት ጠቅሶ ነበር፦ የተሻለ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ አለመወሰን። በኛ አገር ይህ «እስቲ እናያለን»፣ «ከተመቸኝ» እየተባለ ይኖራል። ይህ መልስ ጨዋ ይመስላል፣ ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ጠሪው ምግብ በስንት ሰው ልክ እንደሚያዘጋጅ አያውቅም፣ ተጠሪውም ሳምንቱን በሙሉ ልሂድ አልሂድ ሲል ይከርማል። በአንድ ቀን ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ ስጡ፤ እምቢ ካላችሁ ሌላ ቀን አብራችሁ ስጡ። ለእኩያ፦ «የቅዳሜውን አልደርስም፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ማኪያቶ በኔ ነው።» ለታላቅ ሰው፦ «ጋሼ፣ የዛሬን ይቅር ይበሉኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ልምጣ?» ሁለተኛው ቀን ከሌለበት እምቢታው መራቅ ይመስላል፤ ከላይ እንዳየነው የሚያስፈራውም መራቁ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ እናንተ ጠሪ ስትሆኑ ነው። ሠርግና ክርስትና ላይ ሁሉን መጥራት አይቻልም፣ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚያስቀይመው ከስታተስ ላይ መስማት ነው። ስለዚህ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ያልተጠሩትን ግን የቅርብ የሆኑትን ለዩና ደውሉ፤ «ዝግጅቱ በጣም ጠባብ ነበር፣ አንቺን ሳላይ ግን አላልፍም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ነይ» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዝግጅቱ የመጡትም እስኪያልቅ እንዳይለጥፉ ለሚዜዎቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለዚያ የመጀመሪያው ፎቶ ኬኩ ሳይቆረስ ይወጣል።